ገቢ ቁጥር

ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት በር፣
መሐል ሜዳ ላይ ነው፣ ከገበያው ጥግ ሥር፤
የጓሳ ንፋስ ነው የቢሮው አለቃ፣
ማንንም ሳይፈራ ወረቀት የሚያነቃ።

ሹም በሹም ሲተካ፣ መኪና ሲቀየር፣
ምስማሩ ሳይነቀል ፎቶግራፉ ሲሻር፣
አንድ መስኮት ነበር ሁልጊዜ የሚበራ፣
መዝገብ ቤት፤ ደብሪቱ ከመነጽሯ ጋራ።

ሌላው ሦስት ሰዓት ፀሐይ ሞቆ ሲገባ፣
እሷ በውርጭ መጥታ ባናዋን ደርባ፣
ቁልፉ ከማተቧ በአንድ ክር ታስሮ፣
እንደ ቅዳሴ ዕቃ በእጇ ተከብሮ፣
«የአባትህስ ስም ማን?» ብላ ስትጠይቅ፣
ጣቷ ቀድሞ ይሄዳል፣ ዓይኗን ሳይጠብቅ።

«ነገ ና» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤
«ከቆላ ለመጣ፣ ነገ ቅርብ አይደለም፤
ማደሪያ አለው፣ ምሳ፣ የሚያልቅ ጫማ፤
ቀጠሮም ሰው ይበላል» ስትል እኔ ስሰማ።

አንድ ጊዜ
(ስሙን ልተወው፣ አሁን ጡረተኛ ነው)
አንድ ሹም ጠራት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ።
«ከዚህ ፋይል ውስጥ» አላት፣ «ገጽ ሰባት ይጥፋ»፤
ሻይ እንደሚያዝ ሰው፣ ድምፁን ሳይጨምር።
እኔ ደጅ ነበርሁ። ዶፍ ይወርድ ነበር። ሁሉንም ሰማሁት።
«ገጽ ሰባት» አለችው፣ «እናት አባት የሌላቸው የሦስት ልጆች ማሳ ነው።
እሱ ከወጣ፣ ስድስትና ስምንት
ማዶ ለማዶ ሆነው ይቀራሉ።
እኔ ድልድይ አላፈርስም፣ ጌታዬ።»

በወሩ ዝውውር መጣ፤ መኪና ከሚቆምበት ማዶ፣
ገብስ እንጂ ወረቀት ወደማያበቅል ቀዬ።
ሦስት ክረምት ቆየች።
መዝገብ ቤቱን አይጥና ዘመድ ተካፈሉት።
ስትመለስ ምንም አላለች፤
መጥረጊያ ጠየቀችኝ።

ታዲያ ባለፈው ጥር፣ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣
አስተዳዳሪ ጠፍቶ፣ ሁሉም በሆዱ ሲያስብ፣
ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሣ፣
እጁ እንደ እርፍ የደረቀ፣ ድምፁ የከሳ።
«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ፣
«ወረቀቴን ያልበላች፣ ወረዳ አትበላም።»
ብሎ ተቀመጠ።
ጸጥ አለ አዳራሹ። ከዚያ አንድ እጅ ወጣ።
ከዚያ ሌላ እጅ። ከዚያ
ቆጣሪው መቁጠሩን ተወው።

«መዝገብ ያዥ ምን ታውቃለች?» ያሉም አልጠፉ።
እኔም ልናገር፣ ሹመት ሁሉ ከትጋት አይወለድም፤
ስንት ታታሪ አይቻለሁ በዚህ በር ጥቁር ጠጉር ይዞ ገብቶ፣
ሽበቱንና አንድ የምስጋና ወረቀት ይዞ የወጣ።
ማን ቆመለት? ማን አስታወሰው?
የእሷ ግን ሆነ። አንዴም ቢሆን ሆነ፤ አይቻለሁ።

ደብዳቤው በሞተር ሳይክል የመጣ ለት፣
ፖስታውን ያቀበልኋት እኔ ነኝ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የእሷ አልተንቀጠቀጠም።
ገቢ መዝገቡን ገለጠች። ቀኑን ጻፈች።
ከበላዩ ያለው መስመር እንዲህ ይላል፦
«አራት መቶ አሥራ ሰባት፤ አቤቱታ፤
ወይዘሮ ይመኙሻል ገብረየስ፤
የወሰን ድንጋይ ተገፍቶብኛል።»
ከሥሩ፣ በዚያው ብዕር፣ በዚያው የፊደል ቁመት፦
«አራት መቶ አሥራ ስምንት፤ የሹመት ደብዳቤ፤
ደብሪቱ ኃይለየስ።»
ማኅተም መታች። አቃፊው ውስጥ ከተተችው።
ብርዱን ሰበብ አድርጌ ዓይኔን ጠረግሁ።

በማግሥቱ፣
ከዚያ ሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ስትቀመጥ፣
አበባ የያዙት በረንዳውን ሞልተው፣
ክራባታቸውን እያስተካከሉ ሲጋፉ፣
እኔን ጠራችኝ፦
«ጋሽ አጎናፍር፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት ይግቡ።»